ሽንቱ ውስጥ የተገኘችው ሴትዮ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ወደ ግቢያችን ሽንት ቤት ገባሁ። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል መሆኑን ያየሁት ግን በሩ ከኋላዬ ከተዘጋ በኋላ ነው። አምስት ቤተሰብ የምንጋራው ይህ በር መቀርቀሪያ ኖሮት ስለማያውቅ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ደነገጥኩ። እሳት ቢነሳ በየት በኩል እወጣለሁ ብዬ ዘወር ስል፣ ሽንት ቤቱ የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ሆኖ አገኘሁት።

ከስፌት መኪናዬ ፊት ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ሽንት ቤቶች ናቸው። የጭቃው፣ የቆርቆሮው፣ ግድግዳው በነጭ ሴራሚክ ያጌጠው የሆቴሉ ሳይቀር በራቸውን ከፍተው ተራ ይጠብቃሉ።

«እህቴ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ግቢ» አለኝ የሆቴሉ። «ውሃ አለኝ። ሳሙናም አለኝ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ እኮ።»

«እኔም ከጠዋት ጀምሮ ይዤ ነው ያለሁት። ማታ ቤቴ ስገባ።»

በእውኑም የማደርገው ይህንኑ ነው። ስፌት ቤታችን ሽንት ቤት የለውም፤ ስለዚህ እንዳልቸገር ውሃ አልጠጣም። ሽንት ቤቶቹ በራቸውን ዘግተው እያጉረመረሙ ሄዱ። የቆርቆሮው ብቻ እልኸኛ ሆነና እጄን ጎትቶ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ።

እዚያ አግዳሚው ላይ ተደርድረው የሚጠብቁት ሐኪሞች ነበሩ። ካርድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ደግሞ በሽተኞች ናቸው። አንዲት ነፍሰ ጡር በመስኮቱ ብቅ ብላ «ዶክተር፣ የዛሬው ሞልቷል፤ ነገ በጠዋት ይምጡ» አለች።

«ኧረ እህቴ፣ ሦስተኛ ቀኔ ነው» አለ ዶክተሩ።

«ታዲያ አራተኛውን ምን ያስፈራዎታል?»

ባለፈው ሳምንት የመረመረችኝ ሲስተርም ከሰልፉ መጨረሻ ቆማ ነበር። ሳያት ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። የፊኛ ኢንፌክሽን ነው ብላ፣ ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን የሚዋጥ ክኒን ሰጥታኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማቃጠሉ ሲተወኝ አቆምኩት። ስምንት ክኒን ቀርቷል። እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ላቦራቶሪው ውስጥ ሮጬ ገባሁ።

በውስጡ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ነበሩ። ሲስተር በወረቀት ስላ አሳይታኝ ስለነበር ወዲያው አወቅኳቸው፤ የሩዝ ፍሬ ይመስላሉ፣ ጭራ አላቸው። ነጭ ጋዋን ለብሰዋል። አንድ ሸምገል ያለ ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ቁልቁል አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ውጤቱ መጥፎ ነው» አለ። መጥፎ እንደሚሆን አውቄ ነበር። «ሽንቱስ ደህና ነበር። ግን አንዲት ሴትዮ ተገኝታበታለች።»

ክፍሉ በለቅሶ ተሞላ። «አንዲት ብቻ ናት?» አለ አንድ ጎረምሳ።

«ለጊዜው አንዲት ናት። ልጅ ግን አለቻት።»

«ልጄን ተዉልኝ» አልኩ። የሰማኝ የለም። ሽማግሌው ማዘዣ መጻፍ ጀመረ።

«ለሰባት ቀን ነው። ውሃ እንዳትጠጣ ታደርጋላችሁ። ሽንቷንም ከጠዋት እስከ ማታ ታስይዟታላችሁ።»

«በሦስተኛው ቀን ከተዳከመችልን ብናቆምስ?»

«ተሻለን ተብሎ አይቋረጥም። ሰባቱንም ቀን ትጨርሳላችሁ። እንደሷ ልትሆኑ ነው?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሽማግሌው ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሳኝ።

«እትዬ፣ እርስዎማ ባለውለታችን ነዎት። ደካሞቻችን በሦስት ቀን አለቁ፤ እኛ ብርቱዎቹ ተረፍን። ይኸው ቤተሰቡ በዛ።» ከጋዋኑ ኪስ ፎቶ አወጣ። «ይቺ ከሃያ ደቂቃ በፊት የተወለደችው ናት። አሁን እናት ሆናለች። ስሟን በእርስዎ ነው ያወጣነው።»

«እግዜር ያሳድግልዎት» አልኩ፤ አፌ ለምዶበት።

«ስምንቱ ክኒኖችስ?»

«ለክፉ ቀን ነው ያስቀመጥኳቸው። ልጄን ሌሊት ቢያማትስ? መድኃኒት ቤቱ ቢዘጋስ? ዝናቡ መንገዱን ቢቆርጠውስ?»

«እትዬ፣ ክፉው ቀን እኮ እኛ ነን» አለኝ በትሕትና። «ይኸው መጣን። ክኒኖቹ ግን አደራ ከተደበቁበት እንዳይወጡ። ለልጅዎም እንዳይናገሩ።»

«ስምንቱን ክኒን የት እንደደበቅኳቸው ለማንም አልናገርም» ብዬ እጄን አንስቼ ማልኩ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። በጭብጨባው ነቃሁ።

ሴት ልጄ ረድኤት ባትሪ ይዛ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እንቅልፏ ቀላል ነው።

«እማዬ፣ የምን ስምንት ክኒን ነው?»

«ሕልም ነው» አልኩ። ያ ማቃጠል ግን ሕልም አልነበረም፤ ተመልሶ መጥቷል። «ነይ፣ ሽንት ቤት አድርሽኝ።»

ግቢውን አቋርጠን ሄድን። ጎረቤታችን አናጢው ጋሽ ወልደሰንበት ስንት ጊዜ ተለምነው፣ ማምሻውን «መቀርቀሪያ ገጥሜላችኋለሁ፤ ከእንግዲህ በር የሚይዝ ሰው አትፈልጉም» ብለውኝ ነበር። ገብቼ በሩን ሳብኩና መቀርቀሪያውን በእጄ ፈለግሁ። ከላይ እስከ ታች ዳበስኩ።

«ረድኤት፣ መቀርቀሪያው የታለ?»

«በኔ በኩል ነው» አለች። «እማዬ፣ በጠዋት ሲስተር ጋ አብረን እንሄዳለን። ክኒኖቹንም ይዘን ነው የምንሄደው። የት ነው ያስቀመጥሻቸው?»

«የምን ክኒን?» አልኩ።

መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።