የተጠረገው ደን

እንግዳ ይመጣል ከተባለ እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚነሣው መጥረጊያ ነው። ወጡ ቢዘገይ ይዘገያል፤ መጥረጊያ ግን አይቆይም። እንግዳው የሚመጣው ሊጣላን ቢሆን እንኳ አቧራ ላይ ቆሞ አይጣላንም። እናንተም ቤት ያው ነው፤ አትካዱኝ።

ሸዋ ሮቢት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተመድቤ ስመጣ ሙቀቱ የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር። ያቆየኝ ወንዙ ዳር ያለው የእትዬ ዘሀራ ደን ነው። ደን ስላችሁ ብዙ አትጠብቁ፤ ጥቂት ዋርካና ግራር ነው፤ እሳቸው ከሟች ባላቸው ጋር ሲጠብቁት የኖሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥላው ሥር ጋደም ብዬ ፈተና አርማለሁ፤ ያን ቀን የታረመለት ተማሪ አይወድቅም። ዘንድሮ ታዲያ ደኑ ተመንጥሮ ሽንኩርት ይተከልበት የሚል ሐሳብ ከቀበሌ መጣ። እትዬ ዘሀራ እህል አልበላ አላቸው።

በዚህ መሀል ካርቦን የሚለኩ ባለሙያዎች አካባቢያችን መግባታቸውን ሰማሁ። ዛፍ ካርቦንን ከአየር እየሳበ በግንዱ፣ በሥሩ፣ በሚረግፈው ቅጠሉና በአፈሩ ያስቀምጣል፤ ብዙ ያስቀመጠ ደን ተመዝግቦ ይጠበቃል። ቀጠሮ አስይዤ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ሮጬ ሄጄ፣ "ማክሰኞ ትልልቅ እንግዶች ደንዎን ሊያዩ ይመጣሉ" አልኳቸው። ሌላ ነገር አልጨመርኩም። ማብራራት እኮ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሥራ ነው!

ማክሰኞ ስንደርስ ዋርካው ሥር አንዲት ቅጠል የለችም። ውሃ ተርከፍክፏል፤ ሰሌን ተነጥፏል። ከባለሙያዎቹ አንዷ የወደቀውን ቅጠል ሰብስባ ለመመዘን ሚዛኗን አወጣች። ሚዛኑን አየች፤ መሬቱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

"እዚህ የወደቀው ቅጠል የት ሄደ?"

"አስተግፊሩላህ! ቆሻሻ ላይ ላስቀምጣችሁ ኖሯል?" አሉ እትዬ ዘሀራ። "ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሦስት ቀን ጠርገን አቃጠልነው።"

ሽንኩርቱ ከወዲሁ ዓይኔን አቃጠለኝ። ደግነቱ ባለሙያዋ ሳቂታ ናት። ዛሬ ግንዱ ይለካ፣ ለቅጠሉ ከሦስት ወር በኋላ እንመለሳለን፣ እስከዚያ ማንም እንዳይጠርግ አለች። እኔም በዚህ ጊዜ መሬት ላይ ሥዕል እየሣልኩ አብራራሁ።

ሲመለሱ ቅጠሉ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ተመዘነ፤ ባለሙያዋም ደኑ እንደሚመዘገብ ነገረችኝ። ልዘል ምንም አልቀረኝ። የምሥራቹን ልናገር ብል ግን የእትዬ ዘሀራ በር ተዘግቷል። ለካ ጠዋቱኑ ካራቆሬ እህታቸው ዘንድ ሄደዋል።

ደወልኩላቸው።

"ተመዘገበልዎ እኮ!"

"አልሃምዱሊላህ!" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያን ሁሉ ጉድ አዩት?"

"አዩት።"

"ሄደዋል?"

"ሄደዋል።"

"በል መምህር፣ መጥረጊያው ከበሩ ጎን አለ። ሌላ ሰው ሳያይብኝ።"