ዳዶዋ ኪሴ ውስጥ እያለች ተመረቅን

ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፍላችሁ። ደክሞኛል። ግን ይቺን ሳልናገር ቤት ብገባ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የተመረቀ ሥራ አፍርሼ አውቃለሁ የሚል አለ? እኔ ዛሬ አፈረስኩ! አሜን የተባለበትን፣ ጎረቤት ያጨበጨበለትን!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮልፌ ውስጥ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ደርባባ ሴት ዳቦ ቤት ሊከፍቱ ነው። ከቆጣሪው እስከ ፓኔሉ ወፍራሙን ኬብል፣ የብረት ሽቦ የለበሰውን፣ አርመርድ የምንለውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ጫፉን ፓኔሉ ላይ አስሬ ማስረከብ ብቻ ነበር የቀረኝ።

እትዬ ዘነበች እኔን አምነው ሊጡን አቡክተው ጠበቁኝ። አቤት እምነት!

የዚህ ኬብል ጣጣው ጫፉ ነው። የብረት ሽቦዎቹ ግላንድ በሚባለው ማሰሪያ ላይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጉና ከኋላ በዳዶ ጥርቅም ተደርገው ይያዛሉ። ያ ካልሆነ፣ የሆነ ቀን ችግር ሲፈጠር ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ ያጣል። ያኔ መንገድ የሚሆነው ፓኔሉን የነካው ሰው ነው።

ዳዶዋ ታዲያ ኬብሉ ሳይላጥ ነው መግባት ያለባት። መጀመሪያ! ሽቦው ከተዘረጋ በኋላ አታልፍም። በዚህ ጉዳይ ስንቱ ላይ ጮኼበታለሁ መሰላችሁ።

ላጥኩ። ዘረጋሁ። ገመዶቹን አንድ በአንድ ቦታ ቦታቸው አሰርኩ። ሲያምር! ፎቶ አንስቼ እዚሁ ፖስት አድርጌዋለሁ፣ አይታችሁታል።

"አለቀ?" አሉ ጋሽ ታደሰ። ሰፈሩ ያለ እሳቸው ምርቃት ሱቅ አይከፍትም። ለቅሶ ሊደርሱ ቸኩለዋል።

"ማጥበቅ ብቻ ነው የቀረው ጋሼ፣ አለቀ በሉት!" አልኩ። ምን ነበር የሚያስቸኩለኝ?

"ብርሃን ያድርግላችሁ፣ ገበያችሁን ያድምቀው፣ የዚህን ልጅ እጅ ይባርክ!" አሜን! ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም መፍቻዬን ላወጣ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ዳዶዋ እዚያ ቁጭ ብላለች።

እንዳትጠፋ ብዬ ጠዋት እኔው ነኝ የከተትኳት።

እውነቱን ልንገራችሁ? ናስትሮ ጠቅልዬበት ዝም ልል ነበር። ማን ያያል? ቀና ስል ግን እትዬ ዘነበች በእርጥብ እጃቸው ፓኔሉን ደገፍ ብለው "ተባረክ ልጄ" ይሉኛል። በእርጥብ እጃቸው!

"እትዬ፣ ልቆርጠው ነው።"

"ምኑን?"

"ኬብሉን። ተሳስቻለሁ።"

ጋሽ ታደሰ ከበር ተመለሱ። "ተመርቆ?!"

"ተመርቆ፣ ጋሼ።"

ቆረጥኩት። አንዴ የተዘረጋ ሽቦ ሲመልሱት ይሰባበራላ። ኬብሉ ደግሞ አጠረ፤ ለማሳመር ብዬ ትርፍ አልተውኩለትማ! ፓኔሉን ነቅዬ ወደ ታች አወረድኩት። የድሮዎቹ ቀዳዳዎች አሁን ከላይ ሆነው ያፈጡብኛል።

ሊጡ ግን አልጠበቀኝም። ከሳፋው ገንፍሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እትዬ ዘነበች አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብለው እየጠረጉ "ነገም እናቦካለን" ብቻ አሉ። አፈርኩ፣ በጣም።

አመሻሽ ላይ መብራቱ በራ። ጋሽ ታደሰ ከለቅሶ ሲመለሱ ድጋሚ እንዲመርቁ ተለመኑ። እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

"በመጀመሪያ" አሉ፣ "ኪስህን ፈትሽ።"

ፈተሽኩ! በሰው ሁሉ ፊት ሁለቱንም ኪሴን ገልብጬ አሳየሁ። አሜን የተባለው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ያንን ፎቶ አይታችሁ "እጅህ ይባረክ" ብላችሁ ኮመንት የሰጣችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ዳዶ እንደሌለው አንዳችሁም አላያችሁም? ወይስ የእናንተም ኪስ ይፈተሽ?