ጥጤ አጋዘን ሊያድን የወጣ ዕለት

የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል። አትሳቅ፣ እውነቴን ነው። ደገኛ ጋቢውን ተከናንቦ ለጥ ይላል። እኛ ስንገላበጥ እናድራለን። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ይሠራል? ጎረቤቱን ያስባል። ‘ያ ሰውዬ ዛሬ ፈገግ ብሎ ሰላም ያለኝ ለምንድን ነው?’ ይላል። ሲነጋ ምስኪኑ ጎረቤት ሌባ ሆኖ ቁጭ!

በጣሊያን ጊዜማ ሙቀትም አላስፈለገ። ሰው ጥላውን እንኳ ይጠራጠር ነበር። ‘ያልጠረጠረ ተመነጠረ’ የምትለዋ ተረት እንደ ዱዓ በየአፉ ነበረች። እኔም አምኜባት ነበር። እስቲ ምን እንዳመጣችብኝ ልንገርህ።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ሚስቴ ዘይነባ ትባላለች። ወንድሟ አደም ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ ከገባ ቆይቷል። ጣሊያኖች ሽፍታ ይሉታል፣ እኛ አርበኛ እንለዋለን። ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ጥቁር ውሃ በሚባል ገደል ውስጥ እንዳለ የምናውቀው እሷ፣ እኔና ስንቅ የሚያደርስላቸው አንድ እረኛ ብቻ ነን። እኔ ደግሞ በሮቢ ወንዝ ዳር፣ ጣሊያን ለጥጥ ብሎ በወሰደብን መሬት ላይ፣ በገዛ ማሳዬ የቀን ሠራተኛ ሆኛለሁ።

የእርሻው ጌታ አንድ ቀጭን ጣሊያን ነው። ስሙ ምላስ ላይ አልቀመጥ ስላለን ጥጤ እንለዋለን። ለምን መሰለህ? ከአማርኛ የሚያውቀው እሷን ብቻ ነው። ከብት ማሳው ውስጥ ሲገባ ባርኔጣውን እያውለበለበ ይሮጣል፣ ‘ጥጤ! ጥጤ!’ እያለ። ክፉ ሰው አልነበረም ይሉ ነበር። እኔ ግን ይኸንንም እጠረጥር ነበር። ክፉ ያልሆነ ሰው የሰው መሬት ላይ ምን ይሠራል?

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግጄ ስወጣ አስተርጓሚው በየነ ደጄ ላይ ቆሟል። በየነን ማንም አያምነውም ነበር። ጣሊያኑ አሥር ቃል ሲናገር እሱ በሁለት ይጨርሰዋል። ጣሊያኑ ሁለት ሲል እሱ ግማሽ ቀን ያወራል። ታዲያ የትኛው የማን እንደሆነ ማን ይወቅ?

“ተነስ” አለኝ። “ጌታው አጋዘን ማደን ይፈልጋል። ዱካ ታውቃለህ አሉ።”

ዱካስ አውቃለሁ። አጋዘን ማሽላችንን እየበላ ነው ያደግነው። ግን ጥጤ መቼ አድኖ ያውቃል? ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ዘይነባ ሁሉን ሰምታለች።

“ሳጥን ሙሉ የቆርቆሮ ሥጋ አለው” አለችኝ በሹክሹክታ። “አጋዘን ምን ሊያደርግለት? የሚያድነው አደምን ነው።”

ውሃውን ሳልጠጣ አስቀመጥኩ።

“ወደ ጥቁር ውሃ እንዳትወስደው። ወላሂ በል!”

“ወላሂ!”

“ብትወስደው እዚህ ቤት እንዳትመለስ።”

እንዲህ ተባብለን ወጣሁ። እርሻው ጋ ስደርስ ጥርጣሬዬ እጥፍ ሆነ። ለአንድ ቀን አደን በቅሎ ተጭናለች! ትልቅ ሳጥንና ብርድ ልብስ። ጥጤ ካፖርት ለብሷል። በሸዋ ሮቢት ካፖርት! የለበሰው ጣሊያን ይቅርና ያየሁት እኔ አላበኝ። ወታደር ግን አልተከተለውም። ይኸ ደግሞ የባሰ ነው። ወታደሮቹን ቀድሞ የት ልኳቸው ይሆን? ዞር ብዬ በየነን ሳየው ሱሪ በሱሪ ደርቦ ለብሷል። ያ አላህ! አልኩ በልቤ። እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር አስበዋል።

እኔም ዘዴ አሰብኩ። ጥቁር ውሃ ያለው ወደ ምዕራብ ነው፣ ከተራራው ሥር። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሜዳው ይዤው እሄዳለሁ። አጋዘኑን ቶሎ አሳየዋለሁ። ይተኩሳል፣ ይገድላል፣ ደስ ብሎት ይመለሳል። አጋዘን እያለው ሌላ ምን ምክንያት አለው?

አላህ ሰማኝና ፀሐይዋ ሳትከር ዱካ አገኘሁ። አፈር ዘግኜ በተንኩና ነፋሱን አየሁ፣ ፊት ለፊት ነው። በቅሎዋን አስረን በግራሩ መሃል ጎንበስ ብለን ሄድን። እሾሁ ጀርባዬን ይቧጭረኛል። ጥጤ ከኋላዬ ካፖርቱን በየቅርንጫፉ እያሰቀለ ይጎተታል። ከቁጥቋጦው ጀርባ ብቅ ስል፣ ሱብሃነላህ! አንድ ወንድ አጋዘን ቆሟል። ቀንዱ እንደ ጠመዝማዛ መንገድ ሁለት ጊዜ የተጠቀለለ። ጎኑን ሰጥቶን ቅጠል ይቀነጥባል። ዕውር እንኳ አይስተውም።

ጥጤን በእጄ ጠራሁት። ጠመንጃውን አነሳ። ትንፋሼን ያዝኩ። አነጣጠረ። አየው፣ አየውና ጠመንጃውን አወረደ! ወደ በየነ ዞሮ ረጅም ነገር ተናገረ። በየነ በሁለት ቃል ነገረኝ።

“ሽፍቶቹ የት ናቸው?”

ይኸው! ዘይነባ አላለችም?

“ሽፍታ?” አልኩ። “በዚህ አገር ሽፍታ የሚባል ሰምቼ አላውቅም። ጦጣ ካልሆነ በቀር።”

በየነ ተረጎመ። የጥጤ ፊት ጭፍግግ አለ። ተክዞ መሬት መሬቱን አየ። ሰውዬው አዘነ! የሚገድለው ሰው አጥቶ የሚያዝን አይተህ ታውቃለህ? አጋዘኑም ይኸኔ ሰምቶን በረረ።

በቅሎዋን ፈትተን ቀጠልን። ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገርህ። ጥጤ እጁን ወደ ተራራው፣ ወደ ጥቁር ውሃ በኩል ይቀስራል። እኔ ‘በዚያ ውሃ የለም’ እላለሁ። ትንሽ እንሄድና እንደገና ይቀስራል። ‘በዚያ እባብ አለ’ እላለሁ። ሦስተኛ ሲቀስር ጂን አለ አልኩት። በየነ ደግሞ እየቆየ ጠጋ ይለኛል። “እውነት ሽፍታ የለም?” ይላል፣ ዓይኑን እያቁለጨለጨ። ሊያወጣጣኝ! ‘እውነት የለም ጌታዬ’ እለዋለሁ። እሱም ይተነፍሳል፣ ኡፍ ብሎ። ሌላ አጋዘን አሳየኋቸው። ጥጤ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳለ። ሆን ብሎ፣ እህ እህ ብሎ ሳለ! አጋዘኑ ሄደ።

ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛ፣ ሰውዬው ለአደን አልመጣም። ሁለተኛ፣ እኔ ወደ ምሥራቅ ባራቅኩት ቁጥር አደም ይተርፋል። ስለዚህ እሾህ ለእሾህ፣ አቧራ ለአቧራ እየመራሁ፣ ከጥቁር ውሃ እጅግ ርቆ ካለ አንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አስገባኋቸው። ሾላ ዛፍ አለ፣ ጥላ አለ። እዚህ ያርፋሉ፣ ከዚያ ደክሟቸው ይመለሳሉ ብዬ በሆዴ አልሃምዱሊላህ እያልኩ ነበር።

“ቁም!”

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከሾላው ጀርባ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ከየቦታው ጠመንጃ በቀለ። በግንባሬ ተደፋሁ። ቀና ስል ከፊቴ የቆመው ማን ነው? አደም!

“ሰይድ! አንተ ነህ ጣሊያን ያመጣህብኝ?”

“አንተ ጥቁር ውሃ አይደለህም እንዴ?” አልኩ። ሌላ ቃል ከየት ይምጣልኝ?

“ዘይነባ እረኛውን ላከችልኝ! ጣሊያኑ እየመጣ ነው፣ ከጥቁር ውሃ ውጣ አለች። ወጣሁ። አንተ ተከትለህ አመጣኸው!”

አየህልኝ? እሷ ወንድሟን ከዚያ ወደዚህ ልካዋለች። እኔ ጣሊያኑን ከዚያ ወደዚህ አምጥቼዋለሁ። አደም የጠመንጃውን ቃታ ያዘ። እኔም እንደሚሞት ሰው ሸሃዳዬን ማለት ጀመርኩ።

ይኸኔ ጥጤ ጠመንጃውን መሬት ላይ ጣለ። እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ፊቱ በደስታ በራ። ‘ጥጤ!’ ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። በጣሊያንኛ ለፈለፈ። በየነ ግን መተርጎሙን ትቶ የራሱን እጅ ሰቀለ።

“እኔም! እኔም!” አለ።

“ምን እኔም?” አለ አደም።

“እሱ እጄን ልሰጥ ነው የመጣሁት ይላል። እኔም እሱን ሸሽቼ እጄን ልሰጥ ነበር። ለዚያ ነው ሱሪ የደረብኩት!”

ጥጤና በየነ ተያዩ። ሲገላለጡ እንዴት ያሉ ሁለት ሞኞች መሰሉ! ጣሊያን በየቦታው እየተሸነፈ መሆኑን ሁለቱም ሰምተዋል። የየራሳቸውን መንገድ ይዘው፣ አንዱ ለሌላው ይነግርብኛል ብሎ እየፈራ፣ ቀኑን ሙሉ አርበኛ ፍለጋ ጎን ለጎን ዋሉ። የሚመራቸው ደግሞ እኔ ነኝ፣ ከአርበኛ የማርቃቸው።

አደም ግን የኛ አገር ሰው ነው፣ አላመነም። ሳይተኮስበት እጁን የሚሰጥ ጣሊያን ከኋላው ጦር አለው አለ። ሰዎች ልኮ አሰለለ። አጋዘን እንጂ ሰው የለም ብለው ተመለሱ። ከዚያ እኔን ጠራኝ።

“ጣሊያንኛ ታውቃለህ አይደል? ይኸ ሰውዬ በትክክል ነው የሚተረጉመው?”

እኔ የማውቀው ሥራ ላይ የምንሰደበውን ነው። ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ።

“ስድብ የለበትም” አልኩ። “እውነት ሳይሆን አይቀርም።”

ሳጥኑ ተከፈተ። ሸሚዝ፣ ሳሙና፣ የሁለት ሴት ልጆች ፎቶግራፍ። አደም ፎቶግራፉን ብዙ አየው። እስከ መጨረሻው ተዋጉ ተብለናል፣ እኔ ግን ከጥጥ በቀር የማውቀው የለኝም፣ ልጆቼን ማየት እፈልጋለሁ አለ ጥጤ በበየነ አፍ። አደም ፎቶግራፉን መልሶ ሰጠው። እጁንም አላሰረውም።

አደም ቆጣ ያለው ኋላ ነው። አጋዘን አግኝተን እንዳልተኮሰ ስነግረው። “እኛ ቆሎ ስንቆረጥም ሰንብተን፣ አጋዘን ይለቃል?” ብሎ ጮኸ። ይኸንን ለመርሳት ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ጥጤን ወደ ትልቁ የአርበኞች ጦር አሳለፉት፣ ከምርኮኞች ጋር አገሩ ገባ አሉ። ጣሊያን ወጣ። መሬቴም ተመለሰልኝ። እኔ ግን ሳላስበው ጀግና ሆኜ ቁጭ አልኩ። ሰይድ ጣሊያኑን በአጋዘን አታሎ ለአርበኞች አስረከበው ተባለ። በሸንጎ ተነስቼ ‘የለም ጎበዝ፣ እኔ እኮ የማርቀው መስሎኝ ነው’ አልኩ። አንድም የሚሰማኝ የለም። ‘አይ ጋሼ ሰይድ፣ ትሕትናዎ!’ ይላሉ። አደም እንኳ ሳይቀር፣ ‘ተንኮልህን ኋላ ነው የተረዳሁት’ ብሎ ትከሻዬን መታኝ።

እውነቱን ያመነችኝ ዘይነባ ብቻ ናት። ያን ዕለት ስመለስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

“አምንሃለሁ” አለች። “አንተማ አውቀህ እንዲህ ያለ ነገር አትሠራም።”