የሲስተር ሐዋ ምራቅ

በእኛ አገር ሕፃን ወፍራም ነው አይባልም። ጉንጩ ዓይኑን ሸፍኖት እንኳ እናቱ "ምን ሥጋ አለው ብለሽ፣ እንዲሁ አለ" ነው የምትለው። ያወደሰ ሰው ደግሞ ማሻአላህ ሳይል አፉን አይዘጋም፤ አለበለዚያ ዓይኑ ልጁን ይበላዋል። ይህን የማያውቅ ከሚሴ ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሚዛኑ ጋ የቆመችው ነርስ፣ ሲስተር ሐዋ፣ ግን ረሳችው።

የክትባት ቀን ነው፤ የጤና ጣቢያው ግቢ በእናቶች ተሞልቷል። ልጄን አንዋርን ከሚዛኑ አንስታ "ይሄማ ጠብደል ነው" አለችና ወደ ቀጣዩ ዞረች። ማሻአላህ የለ፣ ምን የለ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ምን ይከብዳት ነበር? ከጧት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም ነበር፤ ያኔ ግን ይህን ማን ያስባል?

በማግሥቱ ልጄን ተቅማጥና ትውከት ያዘው። ምርመራውን እኔው ጨረስኩት፤ የሲስተር ዓይን ነው። ለጎረቤቴ ለዘምዘም ነገርኳት። ለዘምዘም መንገር ማለት ጨፋ ሮቢት ገበያ መሐል ቆሞ መለፈፍ ነው። ባሌ ጤና ጣቢያ ውሰጂው ሲለኝ፣ የጀመረችውን ሄጄ ላስጨርሳት ወይ አልኩት። ሁለት ቀን ዱዓ እያስደረግሁ አቆየሁት። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ጎደጎደ፤ ሲያለቅስ እንባ አጣ። ያን ጊዜ በባጃጅ ይዤው ሄድኩ።

ተረኛዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ራሷ ሲስተር ሐዋ።

ደም ሥሩ አልገኝ አለ። ከእጁ፣ ከእግሩ፣ ከራሱም ፈለገች። እኔ በልቤ ከአባቴ አጠገብ ይቀበር ወይስ ከአማቴ እያልኩ ነበር። እንዲህ ያለ ልብ አላህ ለጠላትም አይስጥ። አላስችል አለኝና እጇን ያዝኩ። ሲስተር፣ ያየሽው አንቺ ነሽና እንትፍ በይበት አልኳት፤ በዓይኑ የበላው ሰው ሲተፋበት ይለቃል ይባላላ። አብሯት የነበረው ሐኪም ይቺን ሴት አስወጡልኝ አለ። እሷ ትቆጣለች ስል "አብሽሪ፣ ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ" አለችኝ። የአፍ መሸፈኛዋን ዝቅ አድርጋ ፀጉሩ ላይ ሁለቴ እንትፍ እንትፍ አለች፤ ትንፋሽ እንጂ ምራቅም የለው። "በይ አሁን እጄን ልቀቂልኝ፤ እጄም ሥራ አለበት" አለች።

ለቀቅኋት፤ መርፌው ገባ። ሳይታመም በፊት ምን አጠጣሽው ስትለኝ፣ ያልፈላ የወንዝ ውሃ መስጠቴን ተናገርኩ። ተተኪዋ ብትመጣም አልሄደችም፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በማንኪያ ጠብ እያደረገችለት አጠገቡ ተቀመጠች። ጋዋኗ ደረቷ ላይ ርሶ አየሁ። ለካ እሷም የሚጠባ ልጅ እቤት ጥላ ነው። የሷ ልጅ እንዴት ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ በምን አፌ?

አሥር ሰዓት ላይ አንዋር ሸና። ሽንት አይታ ያለቀሰች ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሁለት ነበርን።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ስሟን ማጽዳት ሆነ። የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም። በሚቀጥለው ክትባት ሲስተር ሐዋ በሩ ላይ ወጥታ "ቀጣይ" ስትል፣ እናቶች ልጆቻቸውን በሻርፕ ሸፈኑ እንጂ የተነሣ የለም። ዘምዘምም ሸፈነች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ውሃው ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያዳነችው እሷ ናት እያልኩ በወላሂ ማልኩ። ዘምዘም አዘነችልኝ።

"አንቺ የዋህ" አለችኝ፣ "ካልበላችውማ ምራቋ በምን አዳነው?"