የንታቴ ፖሎኮ ስጋት

በየመሥሪያ ቤቱ ጣሪያው ሳያፈስ ባልዲ የሚደቅን አንድ ሰው አይጠፋም። ማሴሩ ከተማ ውስጥ፣ ፑላኔ የኮምፒውተር ምልክቶችን በምትስልበት ቢሮ፣ ያ ሰው አንጋፋው ባልደረባዋ ንታቴ ፖሎኮ ነበሩ፤ ንታቴ በአገሩ ቋንቋ አባባ ማለት ነው።

የሳለችውን ሁሉ መነጽራቸውን አውልቀው ያዩታል። "ለምን ያወልቁታል ንታቴ?" ስትላቸው፣ "መነጽሩ የተሰበረበትም ሰው ይጠቀምበታላ!" ይላሉ። ደግሞ ከበሩ ላይ ቆመው ያዩታል። አንድ ቀን የቆሻሻ ቅርጫት ስላ ብታሳያቸው፣ "ይሄማ ገበያ መሄጃ ዘንቢል ነው፤ ሰው ዕቃውን ያስቀምጥበትና ጉድ ይሆናል" አሏት። ማሳረጊያቸው ሁሌም ያው ነው፦ "ቢሳሳትስ፣ ልጄ?"

ተራራ ላይ ላለ አንድ የወሊድ ሆስፒታል ሁለት ክብ ምልክቶች ሳለች። አረንጓዴው ከታች ካለው ከተማ ደም ይጠራል፤ ቀዩ ጥሪውን ይሰርዛል። ጽሑፍ አልጨመረችም፤ መልኩን ያበላሽባታል። አለቃዋ አጨበጨበ። ንታቴ ፖሎኮ ግን፣ "ቀለማቸው ሲቀር መንትያ ናቸው" ብለው ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ። ፕሮግራሙ ሥራ በሚጀምርበት ቀንም "አብሬሽ ካልሄድኩ" አሉ። ፑላኔ እስከ ሆስፒታሉ መንገዱን ሙሉ አኩርፋ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ወላድ ደም አልቆም አላት። ነርሱ ፀሊሶ እየሮጠ መጥቶ ኮምፒውተሩን ነካና፣ "ጠርቻለሁ!" ብሎ ተመለሰ። ከመጋረጃው ወዲያ የሴትየዋ ድምፅ እየሰለለ ነበር። ፑላኔ በኩራት ወደ ስክሪኑ ዞረች። ምንም ጥሪ አልወጣም።

"ፀሊሶ! የቱን ነው የነካኸው?"

"አረንጓዴውን ነዋ!"

"ቀዩን ነው የነካኸው!"

ነርሱ ተመልሶ መጥቶ ስክሪኑን አፍጥጦ አየው። "እህቴ፣ ለኔ ሁለቱም የደረቀ ሳር ነው የሚመስሉኝ" አላት።

ፑላኔ ማውሱን ያዘች፤ በጥድፊያዋ ግን ቀስቱ ክቡን አልፎ ሄደ። ንታቴ ፖሎኮ እጃቸውን እጇ ላይ ጫኑ። አብረው አረንጓዴውን ነኩት።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ፑላኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ በጠፋ ቁጥር ብድግ ትል ነበር። ንታቴ ፖሎኮ "ነግሬሽ ነበር" አላሏትም። ኮታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። የደሙ መኪና ሲደርስ ቀድመው በር የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ሲመሽ አዋላጇ ወጥታ፣ "ተርፋለች፤ ሾርባ አምጡልኝ እያለች ነው" አለች።

እዚያው አደሩና ምልክቶቹን ቀየሩ። መጥሪያው ትልቅ የደም ጠብታ ሆነ፤ ከሥሩ "ደም ጥራ" ተጻፈበት። መሰረዣው ትልቅ ኤክስ ያለበት አራት ማዕዘን ሆኖ፣ "ሰርዝ" ተብሎ ወደ ሌላው ጥግ ተሰደደ። ፀሊሶ ገና ከበሩ ላይ ሆኖ ለያቸው።

ጠዋት በታክሲ ሲወርዱ ንታቴ ፖሎኮ አፋቸውን ከፍተው ፑላኔ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሹፌሩ ሬዲዮ ሊከፍት ሲል እጁን ያዘችው።

"ተወው፣ ይተኙ።"

"አባትሽ ናቸው?"

ፑላኔ ወደ ንታቴ ፖሎኮ ዞር ብላ አየቻቸው። "አዎ" አለችው፤ "መጠምዘዣው ላይ ቀስ በል።"