ቅዳሜ ቅዳሜ የሚንኳኳው ጉድጓድ

ሌሊቱን ሕልም ሲያንገላታኝ አደረ። በሕልሜ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ጉድጓዱ ሊያንኳኳኝ ቤቴ ድረስ መጣ።

ጉድጓዱን ለማያውቅ ሰው ልንገር። የምኖርባት ከተማ «አራት ቁጥር» ትባላለች። ነዳጅ ፈላጊዎች በረሃው መሀል የቆፈሩት አራተኛው ጉድጓድ እዚህ ስላለ ነው። አንድ፣ ሁለትና ሦስት የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። አራተኛውን ሲቆፍሩ ውሃ ወጣባቸው። ውሃ ደግሞ አልፈለጉም። አፉን በብረትና በሲሚንቶ ደፈኑት፣ ቁጥሩን ጻፉበት፣ እኔን ጠባቂ አድርገው ሄዱ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ። ሥራዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ክዳኑን በብረት ሦስት ጊዜ እያንኳኳሁ መዝገብ ላይ «እንቅስቃሴ የለም» ብዬ መጻፍ ነው። ሳንኳኳ ከታች ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። እኔ ግን የታዘዝኩትን እጽፋለሁ። የከተማው ሰው የሚጠጣው ውሃ የሁለት ቀን መንገድ ተጉዞ በቦቴ ይመጣል፣ ከመጣ።

በሕልሜ እንግዲህ ጉድጓዱ የራስ ቁር ደፍቶ፣ የእኔን መዝገብ በብብቱ፣ የማንኳኳበትን ብረት በእጁ ይዞ ገባ።

«ሸሚዝህን አውልቅ» አለኝ።

አወለቅሁ። ደረቴን በብረቱ ሦስት ጊዜ አንኳኳና ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«ምን ተሰማህ?» አልኩት።

«ምንም። ደረቅ ነህ።» ጻፈው።

ተከትዬው ወጣሁ። ውጭ ቦቴዎች ጀሪካን ይዘው ረጅም ሰልፍ ተሰልፈዋል። የከተማው ሰው በየደጁ ጥላ ስር ተቀምጦ «ዛሬ የለም፣ ነገ ተመለሱ» ይላቸዋል። ቦቴዎቹም አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ። አንዲት ግመል ፒክአፕ ጋቢና ውስጥ ተደላድላ ተቀምጣለች። መሐንዲሶቹ ቧንቧ ተሸክመው በእግራቸው ይከተሏታል፤ በመስኮት ብቅ ብላ «ወርያ፣ እናንተ፣ ፍጠኑ እንጂ» ትላቸዋለች። ከተማችን አጥሩ ሁሉ ባዶ በርሜል ነው። በሕልሜ ግን በርሜሎቹ ቤት ውስጥ ተኝተዋል፣ ሰዎቹ በአጥሩ ቦታ ተደርድረው ቆመዋል። አልገረመኝም፤ እኔ የምቆምበት ቦታ ይኖር እንደሆነ ፈለግሁ።

መሐንዲሶቹ ቧንቧቸውን ጥለው ሲሚንቶ ማቡካት ጀመሩ።

«ለማን ነው?» አልኩ።

«ደረቅ ሲገኝ ይደፈናል» አለ አንደኛው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ጠባቂዬን አመጡ። ጎረቤቴ ዴቃ ናት። ፍየል አርቢ ነበረች፤ አምና ድርቁ ፍየሎቿን ፈጀባትና ከሴት ልጇ ጋር ብቻዋን ቀረች። ያኔ እግሬ ላይ ወድቃ «ክዳኑን ክፈትልን» ብላኝ ነበር። «ትእዛዝ ነው፣ ዴቃ» ነበር ያልኳት። አሁን በሕልሜ መዝገቡንና ብረቱን አስጨበጧት።

ሲሚንቶው ጉልበቴን አለፈ፣ ወገቤን አለፈ። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«ዴቃ፣ አታስደፍኚኝ እባክሽ» አልኩ።

«ትእዛዝ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ ይልቅ አዘነችልኝ።

አገጬ ላይ ሲደርስ ቁጥር ሊጽፉብኝ ቀለም አመጡ። አምስት ቁጥር ሆንኩ። አፌ ተደፈነ። ከዚያ ከላዬ ተንኳኳ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ልመልስ ብዬ ብታገል ድምፅ አልወጣኝም።

ነቃሁ። የሚንኳኳው በሬ ነው። ስከፍት ዴቃ ባዶ ጀሪካን ይዛ ቆማለች።

«ቦቴው ዛሬም አይመጣም አሉ፣ ጋሼ። ዘጠኝ ቀን ሆነው። ልጄ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ» አለችኝ። «ቅዳሜ አይደል? ተነስና አንኳኳልን። ድምፁን እንኳ እንስማ።»

መዝገቡን አላነሳሁም። መዶሻና መሮ ፈልጌ ያዝኩ። ለምን እንደያዝኩ አልጠየቀችኝም፣ ግን ቀድማኝ ሮጠች።

ክዳኑን ከመስበሬ በፊት ከልማድ የተነሳ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ዴቃ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። ደግሜ አንኳኳሁ። ሦስተኛም አንኳኳሁ። ከታች የሚንቦጫረቅ ውሃ የለም። ቀና ብላ አየችኝና ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።

ቤት ተመልሼ መዝገቡን ገለጥሁ። «እንቅስቃሴ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፈው ዛሬ ገና እውነት ሆነ።