ሳህን ገላ መታጠቢያ ውስጥ የሚታጠብበት ቤት

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 11
ቦታ፦ ሙስ ጆ ከተማ፣ ሳስካችዋን፤ የወ/ሮ ኖሪንና የአቶ ጋርዝ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ (ኩሽናው ወለል ስለሌለው)

የተገኙ፦
ወ/ሮ ኖሪን፣ ሰብሳቢ
አቶ ጋርዝ፣ የሰብሳቢዋ ባለቤት፤ «ባለሙያ ምን ያደርጋል፣ እኔው እሠራዋለሁ» ያሉት
አቶ ኦርቪል፣ የሰብሳቢዋ አባት፤ ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ፤ በሴፕቴምበር የኩሽና ቁም ሳጥን ግድግዳ ላይ ለመስቀል ለሁለት ቀን መጥተው እስካሁን ያሉ
ትዊላ፣ የአቶ ጋርዝ እህትና ጎረቤት፣ ጸሐፊ

አቶ ጋርዝ «ብሎን ልግዛ» ብለው ደረጃው ላይ ደርሰው የነበረ ቢሆንም፣ በሰብሳቢዋ ጥሪ ስለተመለሱ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የኩሽናው እድሳት ሂደት
አቶ ጋርዝ ሥራው ዘጠና በመቶ መጠናቀቁን ሪፖርት አቅርበዋል። ቀሪው ወለሉ፣ ቧንቧው፣ መብራቱና ቁም ሳጥኖቹ ብቻ መሆናቸውንም አብራርተዋል። ሰብሳቢዋ «ታዲያ ዘጠናው ምኑ ነው የኔ ጌታ?» ሲሉ ጠይቀዋል። አቶ ጋርዝ «ማፍረሱ» ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ሪፖርቱ «ዘጠና» የሚለው ቃል ተሰርዞ ጸድቋል።

አጀንዳ 2፦ የዕቃ አጠባ
ሰብሳቢዋ ሳህን የሚያጥቡት ገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ መሆኑን፣ ትናንትም ገላቸውን ሊታጠቡ ገብተው ሹካ ላይ መቀመጣቸውን ገልጸዋል። አቶ ኦርቪል ከእንግዲህ ሹካ የማይፈልግ ምግብ ብቻ እንዲበላ ሐሳብ ሲያቀርቡ አቶ ጋርዝ ደግፈዋል። ጸሐፊዋ እራቷን ቤቷ ስለምትበላ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች። ሰብሳቢዋ «የተቀመጥኩበት እኔ ነኝ» በማለታቸው ሐሳቡ ወድቋል።

አጀንዳ 3፦ ቁም ሳጥኖቹን ስለመስቀል
አቶ ጋርዝ ግድግዳው ስላለቀ ቁም ሳጥኖቹ በነገው ዕለት ሊሰቀሉ እንደሚችሉ አስታውቀዋል። አቶ ኦርቪል ግድግዳው ጠማማ ስለሆነ እንዲፈርስ ጠይቀዋል።
«አባባ፣ ይሄን ግድግዳ ሦስቴ አስፈርሰውኛል እኮ።»
«ሦስቴም ጠማማ ነበረ፣ ልጄ።»
በሰብሳቢዋ ትእዛዝ ጉባኤው ወደ ላይ ወጥቶ ግድግዳውን በውሃ ልክ ፈትሿል። የውሃ ልኩ አረፋ መሀል ላይ ቆሟል። አቶ ኦርቪል ጠማማው ውሃ ልኩ ነው ብለዋል። አቶ ጋርዝ ውሃ ልኩ የአቶ ኦርቪል የራሳቸው መሆኑን አስታውሰዋል።

ጉባኤው ወደ ምድር ቤት ተመልሶ፣ ቁም ሳጥኖቹ ነገ እንዲሰቀሉ፣ አቶ ኦርቪልም ሰኞ ስዊፍት ከረንት ከተማ ወደሚገኘው ቤታቸው እንዲሸኙ በሁለት ድምፅና በጸሐፊዋ ድምፀ ተአቅቦ ወስኗል። አቶ ኦርቪል አልደገፉም፣ አልተቃወሙም፤ ጫማቸውን ይመለከቱ ነበር።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ
ሰብሳቢዋ «አባዬ፣ የምትለው ነገር አለ?» ብለው ጠይቀዋል። አቶ ኦርቪል ምንም የለኝም ካሉ በኋላ የሚከተለውን ተናግረዋል፦ «እናትሽ ካረፈች ወዲህ የኔ ኩሽና ደህና ነው። ቧንቧው አያፈስ፣ በሩ አይጮኽ። የሚጠገን ነገር አጣሁለት። ጠዋት እነሳና ሰዓቱ ሲቆጥር አዳምጣለሁ።» ይህ እንዳይመዘገብ ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ ቀድማ መጻፏን አሳውቃለች።

ሰብሳቢዋ ወንበራቸውን ወደ አባታቸው አስጠግተዋል።

አቶ ጋርዝ ነገሩን ሲያስቡት ግድግዳው በርግጥም ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ እንደሚመስላቸው ገልጸዋል።
«ወደ ቀኝ ነው» አሉ አቶ ኦርቪል።
«ቀኝም ሊሆን ይችላል፣ አባባ።»

ውሳኔ፦ በአጀንዳ 3 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ግድግዳው ለአራተኛ ጊዜ ይፈርሳል፤ ሰኞም የሚሸኝ ሰው የለም። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ሲሆን፣ ጸሐፊዋም በዚህ ጊዜ ድምፅ ሰጥታለች።

ስብሰባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተዘግቷል። መዘጋቱ ሲገለጽ አቶ ኦርቪል አልነበሩም፤ የመዶሻቸው ድምፅ ግን ከላይ ይሰማ ነበር።